የባሕር ዛጎልና የቡሬ ማሳ

ይህ ጽሑፍ የተጀመረው ባልተሳካ ሙከራና በአንዲት ልጅ ጥያቄ ነው። ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ ከክበባችን አባላት ሦስታችን በቡሬ ገጠር በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። የዕለቱ የሳይንስ ትምህርት ስለ አሲድና ቤዝ ስለ ነበር፣ «ጠመኔ ማለት ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ አሲድ ሲነካው ይፈላል፤ አረፋም ያወጣል» ብለን በልበ ሙሉነት ተናገርንና ጠመኔውን ሰብረን ሎሚ ጨመቅንበት። አልፈላም። ሌላ ሎሚ ጨመቅን። ያው ነው። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ሎሚው ጥሬ ይሆናል» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ነገሩን ለማዳን ብለን ወሬውን ወደ ባሕር ወሰድነው። በዓለም ላይ የባሕር ውኃ ወደ አሲድነት እያዘነበለ መሆኑን፣ በዚህም ዛጎል ለበስ እንስሳት እየተጎዱ መሆናቸውን ከመጽሐፍ ያነበብነውን አወራን። ያን ጊዜ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ ተነሣች። «ቲቸር፣ እኛ ባሕር የለነም። የባሕር መኮምጠጥ ምን ያደርግልናል?» አለች። አሁን የሳቀ የለም። እኛም መልስ አልነበረንም፤ ደወሉ ደረሰልን።

ከዚያ ወዲህ መምህራኖቻችንን ጠይቀን፣ ያገኘነውን አንብበን፣ በየቤተሰቦቻችን ማሳ ዞረን የደረስንበትን እነሆ እንላለን። ጥያቄው ከመምህርነት ሥራችን ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ትንሽ ብናስረዝም ታገሡን።

በመጀመሪያ የጠመኔውን ነገር እንጨርስ። ዛሬ በየክፍሉ የምንጽፍበት ጠመኔ በአብዛኛው ከጂፕሰም፣ ማለትም ከካልሲየም ሰልፌት የሚሠራ ነው። ይህ ደግሞ ለሎሚ ደንታ የለውም። በጥንቱ መጽሐፍ የተጻፈው ጠመኔ ግን የተፈጥሮው ነጭ ድንጋይ ነው፤ እርሱ በእርግጥ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ስለዚህ መጽሐፉም አልዋሸ፣ ሎሚውም ጥሬ አልነበረም፤ ያጠፋነው እኛ ነን፤ ሙከራውን አስቀድመን ሳንሞክር ክፍል ይዘን ገባን። የእንቁላል ቅርፊት ይዘን ብንገባ ኖሮ አናፍርም ነበር። የእንቁላል ቅርፊት ከሞላ ጎደል ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ኮምጣጤ ውስጥ ሲነከር ወዲያው አረፋ ይለብሳል፤ ሙሉ እንቁላል ነክሮ ቢያሳድሩት ደግሞ በማግሥቱ ቅርፊቱ ጠፍቶ በስስ ሽፋን ብቻ የተያዘ ለስላሳ ነገር ይገኛል።

አሁን ወደ ባሕሩ። አሲድነት የሚለካው ፒኤች በሚባል መለኪያ ነው፤ ይህንን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1909 ያወጣው ሶረንሰን የሚባል የዴንማርክ ኬሚስት ሲሆን ይሠራ የነበረውም በኮፐንሃገን በአንድ የቢራ ጠማቂዎች ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። 7 መካከለኛ ነው፤ ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ። ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚስተው ነገር አለ፤ የመለኪያው ደረጃ እንደ ሜትርና እንደ ኪሎ አይደለም። አንድ ደረጃ ወረደ ማለት አሲድነቱ በ10 እጥፍ ጨመረ ማለት ነው፤ ሁለት ደረጃ ከሆነ በ100 እጥፍ።

የባሕር ውኃ ላይኛው ክፍል በአማካይ ከፋብሪካ ዘመን በፊት 8.2 አካባቢ ነበር፤ ዛሬ 8.1 አካባቢ ነው። «ይህቺ ነጥብ አንድ ምን ትሆናለች?» የሚል አይጠፋም። በሒሳቡ ሲመታ ግን የሃይድሮጂን አየኖች መጠን ከሩብ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ባሕሩ ዛሬም ቤዝ ነው፤ ሎሚ አልሆነም፤ እኛም በዚያ ክፍል «ባሕር አሲድ ሆኗል» ብለን ከሆነ ተሳስተናል። ወደ አሲድነት አቅጣጫ እየተጓዘ ነው ማለት ነው ትክክሉ። አንድ ሰው ትኩሳቱ ከ37 ወደ 39 ሲወጣ «ገና አልፈላም» ብለን እንደማንተወው ሁሉ፣ ለባሕር ፍጥረታትም ነገሩ እንዲሁ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅ ዘይትና ጋዝ ሲቃጠል፣ ደን ሲመነጠር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይወጣል። ቻርልስ ኪሊንግ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1958 በሃዋይ በማውና ሎዋ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር በአየሩ ውስጥ የነበረው መጠን ከአንድ ሚሊዮን እጅ 315 ያህል ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል፤ ከፋብሪካ ዘመን በፊት 280 ያህል እንደ ነበረ ደግሞ በበረዶ ውስጥ ታፍኖ ከቆየ ጥንታዊ አየር ታውቋል። ሰው ከሚያወጣው ውስጥ ሩብ ያህሉን ባሕር ይውጠዋል። ባይውጠው ኖሮ ምድሪቱ ከዚህ ይበልጥ በሞቀች፤ ውለታ ነው እንግዲህ። ውለታው ግን ዋጋ አለው።

ዋጋውን በዓይን ለማየት ባሕር መውረድ አያስፈልግም፤ የኖራ ውኃ ይበቃል። ከቀለም መሸጫ ጥቂት ኖራ ገዝተን ከውኃ ጋር በጥብጠን እናስቀምጠዋለን። ዝቃጩ ሲወርድ ከላይ ያለውን ጥሩ ውኃ ቀድተን በሌላ ውኃ እናቀጥነዋለን። ከዚያ በቀጭን ቱቦ ትንፋሽ እንነፋበታለን፤ ትንፋሻችን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለበትና። (ማስጠንቀቂያ፦ ይነፋል እንጂ አይሳብም፤ ወደ ዓይንም እንዳይፈናጠር፤ ኖራ ያቃጥላል። ልጆች ከሆኑ መምህሩ ይንፋ።) መጀመሪያ ውኃው ወተት ይመስላል። ይህ ነጭ ነገር ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ በሌላ ቋንቋ ዛጎል ማለት ነው። ብዙዎቻችን ሙከራውን እዚህ ላይ አቁመን «አያችሁ፣ ትንፋሽ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ» ብለን እንወጣለን። አትቁሙ። ንፉ። ብዙ ደቂቃ ይወስዳል፤ ጉንጭም ይደክማል፤ ትዕግሥት ላለው ግን ወተቱ ቀስ በቀስ እየሳሳ መልሶ ውኃ ይሆናል። ዛጎሉ ሟሟ።

በባሕር ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውኃ ጋር ሲዋሐድ ካርቦኒክ አሲድ የሚባል ደካማ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ ሃይድሮጂን ይለቃል፤ ሃይድሮጂኑም በውኃው ውስጥ ያለውን ካርቦኔት ይዞ ወደ ባይካርቦኔት ይለውጠዋል። ዛጎል የሚገነቡ እንስሳት ደግሞ የሚፈልጉት ካርቦኔቱን ነው። ጡቡ ከገበያ ጠፋ እንደ ማለት ነው። ግንበኛው አለ፣ መሠረቱ አለ፣ ጡብ ግን ተወደደ። ውኃው ይበልጥ ሲከፋ ደግሞ የተገነባውም መሸርሸር ይጀምራል።

ታዲያ ማን ነው የሚጎዳው? አንዱ የባሕር ቢራቢሮ የሚባለው ከምስር ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ፣ በክንፍ መሰል እግሩ የሚዋኝ ቀንድ አውጣ ነው። በዋልታ አካባቢ ባሉ ቀዝቃዛ ባሕሮች ለዓሦችና ለዓሣ ነባሪዎች ምግብ ነው። የአሜሪካ ተመራማሪዎች የዚህን እንስሳ ዛጎል እ.ኤ.አ. በ2100 ይደርሳል ተብሎ በተገመተ የባሕር ውኃ ዓይነት ውስጥ ሲያስቀምጡት በ45 ቀን ውስጥ ሟሟ። ቀዝቃዛ ባሕር የሚብሰውም ያለ ነገር አይደለም፤ ቀዝቃዛ ውኃ ከሞቃቱ ይልቅ ጋዝ ይይዛል፤ የቀዘቀዘ ለስላሳ መጠጥ ጋዙን ይዞ እንደሚቆይ፣ የሞቀው ግን ቶሎ እንደሚተነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ኮራል ነው። ኮራል ድንጋይ የሚመስል እንስሳ ነው፤ ሠራዊት ሆኖ አብሮ ይኖራል፤ የሚገነባው ድንጋይ ለብዙ ሺህ ዓይነት ዓሣ ቤት ነው። አገራችን እስከ 1985 ዓ.ም. የቀይ ባሕር ጠረፍ በነበራት ጊዜ በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ የነበረው የዚህ ዓይነት ነው፤ ዛሬ የኤርትራ ነው። ኮራል የሚጠቀምበት የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት ከሌላው ይልቅ ለመሟሟት የሚቀርብ ነው። ወዲያው ይሟሟል ማለት አይደለም፤ ሆኖም በአካሉ ውስጥ ግንባታው የሚካሄድበትን ቦታ ከአሲድ ለመጠበቅ ሃይድሮጂኑን እየገፋ ማውጣት አለበት፤ ይህም ጉልበት ይፈጃል። ዘመኑን ሁሉ አጥር ሲጠግን የሚውል ገበሬ መቼ ያርሳል? ማደግና መዋለድ ይቀንሳል።

በገንዘብ የታየው ጉዳት ደግሞ የኦይስተር ነው። ኦይስተር በሁለት ክዳን መካከል የሚኖር፣ ፈረንጆች በጥሬው የሚበሉት ዛጎል ለበስ ነው። (እኛ አንሞክረውም፤ ጥሬ ሥጋ ለሚበላ ሰው ግን ለመፍረድ ይከብዳል።) እ.ኤ.አ. በ2007 አካባቢ በአሜሪካ በኦሪገንና በዋሽንግተን ጠረፍ ባሉ ማራቢያዎች ጫጩቶቹ፣ ማለትም እጮቹ፣ በሚሊዮን እየተቆጠሩ ያልቁ ጀመር። መጀመሪያ ባክቴሪያ ነው ተባለ። በኋላ ሲመረመር ነፋስ ከጥልቁ እየገፋ የሚያመጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት ውኃ መሆኑ ተረጋገጠ። እጩ የመጀመሪያ ዛጎሉን መሥራት ያለበት በተወለደ በሁለት ቀን ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ ውኃው ከፋ ማለት ገና ሳይመገብ የያዘውን ስንቅ ጨረሰ ማለት ነው። አርቢዎቹ ያገኙት መፍትሔ ውኃውን እየለኩ ሶዲየም ካርቦኔት መጨመር ነው። ይህን መፍትሔ በልባችሁ ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

ሁሉም ተጎጂ ነው ማለት ግን አይደለም። የባሕር ሣሮች ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛላቸው የሚጠቀሙበት ጊዜ አለ። አንዳንድ የሸርጣን ዘመዶችም በቤተ ሙከራ ዛጎላቸው ሲወፍር ታይቷል። ስለ ዓሦች ጠባይ ደግሞ ክርክር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት አሲድነት የጨመረበት ውኃ ትናንሽ የኮራል ዓሦችን አፍንጫ ያሳስታል፣ ጠላታቸውን እንዳይሸሹ ያደርጋል ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ሌሎች ተመራማሪዎች ደግመው ሞክረው ያን ውጤት አላገኘነውም ብለዋል። ይህን የምንጽፈው ሳይንስ እንዲህ እንደሚሄድ ተማሪ ይወቀው ብለን ነው። የዛጎሉ ኬሚስትሪ ግን አከራካሪ አይደለም፤ ኮምጣጤና እንቁላል ያለው ሁሉ ያየዋል።

እሺ፣ የልጅቷ ጥያቄስ?

ከፍኖተ ሰላም ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሁሉ ደጀንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። አብዛኞቻችን በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ዓይናችንን ጨፍነን «ፍሬኑን አደራ» ስንል ነው የምናልፈው። ዓይኑን የከፈተ ሰው ግን ከላይ ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ነጣ ያለ፣ በንብርብር የተደረደረ ገደል ያያል። ያ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ውፍረቱ በመቶ ሜትሮች ይቆጠራል። ዕድሜው ወደ 150 ሚሊዮን ዓመትና ከዚያም በላይ ሲሆን፣ የጂኦሎጂ ሊቃውንት በትግራይ ባለችው በእንጣሎ ስም ይጠሩታል። በውስጡ የባሕር ቀንድ አውጣ፣ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎልና ኮራል ድንጋይ ሆነው ይገኛሉ። ባሕር ነበር ማለት ነው። ልጅቷ «ባሕር የለነም» ስትል እውነቷን ነው፤ ዛጎሉ ግን አለን።

ዛጎሉ ደግሞ ለጌጥ አይደለም የቀረው። ደጀን አካባቢ ተፈጭቶ፣ ተጭኖ፣ ወደ ጎጃም ማሳዎች ይመጣል። ለምን ይመጣል? የእኛም መሬት ኮምጥጧልና።

በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ የሚበልጠው በአሲድነት የተጠቃ እንደ ሆነ፣ ከ28 በመቶ የማያንሰውም በብርቱ የተጠቃ እንደ ሆነ ይገመታል። ምዕራብ ጎጃም ከዋነኞቹ አንዱ ነው፤ በተለይ ደጋው፣ እነ ሰከላና ደጋ ዳሞት፣ እንዲሁም ጎረቤታችን አዊ። የእኛ ቀይ አፈር ጥልቅ ነው፣ ሲታረስ ይመቻል፣ ዝናቡም አይነጥፍም፤ ጉዱ ያለው እዚያው ዝናቡ ላይ ነው። ለዘመናት የወረደ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ወደ ብርና ወደ ላህ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይወስደዋል፤ በቦታው ሃይድሮጂንና አልሙኒየም ይቀራል። አዝመራው ሲታጨድ ገለባው ለከብት፣ አገዳው ለማገዶ ስለሚሄድ ከመሬቱ የወጣው አይመለስም። ኩበቱም ይቃጠላል። በላዩ ላይ ዩሪያና መሰል ማዳበሪያ በአፈሩ ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ሲለወጥ ሃይድሮጂን ይለቃል። ማዳበሪያ ይቅር አላልንም፤ ያለ እርሱ ምርቱ እንደሚወርድ የገበሬ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ሲወሰድ እንጂ ሲመለስ ያልታየ ነገር መኖሩን ነው የምንናገረው።

የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ሲያንስ አልሙኒየም የተባለው፣ የድስታችን ብረት፣ ከሸክላው ተፈትቶ ወደ አፈሩ ውኃ ይገባል። ለሥር መርዝ ነው። የሥሩ ጫፍ ያጥራል፣ ያብጣል፣ ቅርንጫፍ አያወጣም፤ ተክሉ ከሥሩ ውኃ እያለ ይጠማል። ፎስፎረሱንም አልሙኒየምና ብረቱ አንቀው ይይዙታል፤ ገበሬው በስንት ብር የገዛውን ማዳበሪያ መሬቱ ይቀበልና ለአዝመራው አይሰጥም። ባቄላ ሥር ላይ እብጠት ሠርተው ናይትሮጂን የሚያዘጋጁት ባክቴሪያዎችም ይዳከማሉ። ገብስና ባቄላ ቶሎ እጅ ይሰጣሉ።

ከመካከላችን የአንዱ ጓደኛችን ቤተሰብ ገብስ ሲዘራበት የኖረው ማሳ በዚህ መንገድ ሄዷል። ከአባቱ ጋር ማሳው ዳር ቆመን «አንቱስ ምን ያዩበታል?» ብለን ጠየቅናቸው። «መሬቱማ ደክሟል ልጆቼ። እንደ ሰው ነው። ማዳበሪያ ብትሰጠው ይበላል፣ አይሰባም» አሉን። ግብጦ ዘርተውበታል። ግብጦ ኮምጣጣ አፈርን ይችላል፤ መራራነቱ እስኪለቅ ቀናት በውኃ መዘፍዘፉ ነው እንጂ። እንግዶና ድንችም ይችሉታል። በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ፣ ብዙ ገበሬ እህሉን ትቶ ዲከረንስ ተክሎ ከሰል ያከስላል፤ ገንዘብ አግኝቶበታልና አንነቅፈውም። ይሁንና ገብስ የሚበላ ቤት ከሰል አይበላም።

አባትየው ሌላም ነገር አሳዩን። ከቤታቸው ጓሮ ያለው በቆሎና ጎመን ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል፤ ከማሳው የሚለየው በሃምሳ እርምጃ ነው፤ አፈሩ አንድ ነው። «እዚህ እኮ አመዱም ፍጉም ይደፋል» አሉ። ኬሚስትሪውን ሳይማሩት ያውቁታል፤ አመድ ውስጥ የካልሲየምና የፖታሲየም ካርቦኔት አለ። ኖራም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የዛጎሉ ካርቦኔት ከአፈሩ ሃይድሮጂን ጋር ሲገናኝ እንደ እንቁላሉ ቅርፊት ሟሙቶ አሲዱን ያጠፋዋል፤ አልሙኒየሙም ተመልሶ ይታሰራል። የኦሪገን ኦይስተር አርቢዎች ውኃቸው ላይ ካርቦኔት እንደሚጨምሩ፣ እኛ አፈራችን ላይ እንጨምራለን። በባሕር ውስጥ ለቀንድ አውጣው ሞት የሆነው መሟሟት፣ በማሳ ላይ ለገብሱ መድኃኒት ሆነ።

ለምን ታዲያ ሁሉም አያደርገውም? ኖራ ከባድ ነው። ማዳበሪያ በሄክታር ጥቂት ኩንታል ነው፤ ኖራ ግን በብርቱ በተጠቃ ማሳ ከ20 እስከ 40 ኩንታል ሊጠይቅ ይችላል። መኪና ከሚቆምበት እስከ ማሳው ያለው መንገድ የአህያ ነው። መዝራት ከመጀመሩ አንድ ወር ያህል ቀድሞ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር መታረስ ሲኖርበት፣ አባትየው እንደ ነገሩን አንድ ዓመት ዘሩ ከገባ በኋላ ነው የደረሰላቸው፤ ማዳበሪያው ጎን ተከምሮ ዝናብ መታው። ውጤቱም በአንድ ክረምት አያልቅም፤ ለጥቂት ዓመታት ይቆያል፤ መሬት የሚከራይ ሰው ግን ለሚቀጥለው ዓመት ባለቤት ኖራ አይሸከምም። በግምት መበተንም ጥሩ አይደለም፤ ከመጠን ያለፈ ኖራ ዚንክና ብረትን ለተክሉ ያሳጣል፤ ስለዚህ አፈሩ አስቀድሞ መለካት አለበት።

ወደዚያው ትምህርት ቤት ተመልሰን እንሄዳለን፤ ልጅቷም እዚያው ክፍል አለች። በዚህ ጊዜ ጠመኔ አንይዝም። ሦስት ብርጭቆ እንይዛለን፤ ከጓሮ የተወሰደ አፈር፣ ከሩቅ ማሳ የተወሰደ አፈር፣ የኖራ ውኃ። ለቀለም መለያ ከርከዴ ቀቅለን እንወስዳለን፤ አሲድ ሲነካው ይቀላል፣ ቤዝ ሲነካው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። በሎሚና በአመድ ውኃ በደንብ ይታያል፤ በአፈር ላይ ግን ቀለሙ ይደበዝዛልና አስቀድመን እዚህ ሞክረን እንጂ ሳንሞክር አንገባም፤ አንዴ አፍረናል። ከርከዴ ያላገኘ ሻይ ላይ ሎሚ ይጨምር፤ ቀለሙ የሚሳሳው በዚሁ ምክንያት ነው።

የኖራ ውኃውን ሙከራ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በቤተ ሙከራው እናደርገዋለን። ወተቱ እስኪጠራ ድረስ እየተቀያየርን መንፋት ስላለብን ጉንጨ ብርቱዎች ትፈለጋላችሁ። ቁርሱን እንቁላል የበላ ሁሉ ቅርፊቱን አይጣል፤ ከየቤተሰቡ ማሳም አንድ ጣሳ አፈር፣ ከጓሮ አንድ፣ ከሩቁ አንድ፣ ቀበሌውን ጽፎ ያምጣልን።